ከ12ኛ ክፍል በኋላ ውጭ አገር፣ ከሕፃናት ጋር፣ በበጎ ፈቃድ፦ ከወሎ ለሚነሱ

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ውጤት የሚለቀቅ ሰሞን ደሴም ወልዲያም ኮምቦልቻም ቤቱ ሁሉ ድምፁ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። የቀረው ሪሚዲያል ይገባል፣ ቴክኒክና ሙያ ይመዘገባል፣ አጎቱ ሱቅ ይቀመጣል፣ አለዚያም በባቲ በኩል ወደ አፋር ቁልቁል የሚወርደውን የስደት መንገድ ማሰላሰል ይጀምራል። ቴሌግራም ላይ «ጀርመን በበጎ ፈቃድ፣ ከሕፃናት ጋር፣ ቋንቋ አይጠየቅም፣ ቪዛው መቶ በመቶ» የሚል ማስታወቂያ የሚመጣውም በዚሁ ሰሞን ነው።

ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት አንድ ዓመት ውጭ አገር መዋለ ሕፃናት ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገል መቻሉ እውነት ነው፤ ሕጋዊ መንገድም አለው። የማስታወቂያው የመጨረሻ ሁለት ነጥቦች ግን ውሸት ናቸው። ቋንቋ ይጠየቃል። ቪዛም ከኤምባሲው በቀር ማንም «ያለቀ ነው» ሊላችሁ አይችልም።

ወረቀቱ ብዙ ስለሆነ ሰው መሐል ላይ ይሰለቻል። የሚሰለቸው ግን ለምን እንደሚጠየቅ ስለማይገባው ነው። እዚያ ያለች እናት ጠዋት ልጇን በር ላይ አድርሳ ወደ ሥራዋ ስትሄድ፣ ልጇን ለማን ትታ እንደሄደች ማወቅ አለባት። የቋንቋ ፈተናው፣ የኩፍኝ ክትባቱ፣ ከወንጀል ነፃ ማረጋገጫው፣ ቃለ መጠይቁ ሁሉ ለእሷ የሚሰጥ መልስ ነው። ስለ ልጁ አንድም ነገር ሳይጠይቃችሁ ገንዘባችሁን ብቻ የሚጠይቅ «ፕሮግራም» ካጋጠማችሁ፣ እዚያ ውስጥ ልጅ የለም።

የትኛው በር ለእኛ ክፍት ነው

ዩሮፒያን ሶሊዳሪቲ ኮርፕስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ይቀበላል። ሆኖም በኅብረቱ አገሮችና በአካባቢያቸው ባሉ ተባባሪ አገሮች ለሚኖሩ ነው፤ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። በዚህ ስም «አስመዘግባችኋለሁ» የሚል ሰው ካለ እዚያው ላይ ያብቃ።

የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ኮር እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ ነው። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ አፍሪካውያንን ለ12 ወር ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር ይልካል። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የሆነ የሙያ ወይም የዲግሪ ማስረጃ ስለሚፈልግ፣ ገና ከ12ኛ ክፍል ለወጣ ሰው የኋላ ዕቅድ ነው።

ለ12ኛ ክፍል ተመራቂ በእርግጥ የሚከፈተው በር ጀርመን ነው፤ ሁለት መንገድም አለው። አንደኛው «ቡንደስፍራይቪሊገንዲንስት» የሚባለው የፌዴራል በጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው፤ የግዴታ ውትድርና በቆመበት በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን በአጭሩ ቤ-ኤፍ-ዴ ይሉታል። ሁለተኛው ከእሱ በፊት የተጀመረው ኤፍ-ኤስ-ዮት፣ ማለትም «የበጎ ፈቃድ ማኅበራዊ ዓመት» የሚሉት ነው፤ ዕድሜያቸው ከ27 ዓመት በታች ለሆነ ብቻ። በሁለቱም አገልግሎቱ በአብዛኛው 12 ወር ነው፤ ከ6 አያንስም፣ ከ18 አይበልጥም። ቦታዎቹ መዋለ ሕፃናት፣ ትምህርት ቤት፣ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማዕከል፣ የአረጋውያን መኖሪያና ሆስፒታል ናቸው።

«ቬልትቬርትስ» የሚባል የጀርመን መንግሥት ፕሮግራምም አለ። መጀመሪያ የጀርመን ወጣቶችን ወደ እኛ ዓይነት አገሮች ለመላክ የተቋቋመ ነው፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በተቃራኒው ከ18 እስከ 28 ዓመት ያሉ የእኛን ልጆች ወደ ጀርመን ያመጣል። ጥሩነቱ የአውሮፕላን ትኬቱንና ዝግጅቱን በአብዛኛው ራሱ መሸፈኑ ነው። ጥበቱ ደግሞ በግል ማመልከት አለመቻሉ ነው፤ ከጀርመኑ ድርጅት ጋር አብሮ የሚሠራ አገር ውስጥ ያለ ድርጅት መርጦ ሊልካችሁ ይገባል።

ኦ ፔርን ብዙ ሰው ከበጎ ፈቃድ ጋር ያምታታዋል። ኦ ፔር ማለት አንድ ቤተሰብ ቤት እየኖሩ ልጆቻቸውን ማገዝ ነው። ስታመለክቱ ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 26 ይሆናል፤ ቋንቋው ኤ1 (ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1 እያለ ከሚወጣው መለኪያ የመጀመሪያው ደረጃ) ይበቃል፤ ሥራው በሳምንት ከ30 ሰዓት አይበልጥም፤ የኪስ ገንዘቡ በወር 280 ዩሮ ሲሆን ቤተሰቡ ለቋንቋ ትምህርት በወር 70 ዩሮ ይጨምራል። መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር በዚያ አንድ ቤተሰብ ጠባይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መዋለ ሕፃናት ውስጥ ከጎናችሁ ባለሙያ አለ፣ ኃላፊ አለ፣ ጓደኛ በጎ ፈቃደኛ አለ። መጀመሪያ ከአገሩ ለሚወጣ የ18 ዓመት ልጅ እኔ መዋለ ሕፃናቱን እመርጣለሁ።

ወደ ዓረብ አገር «ልጅ ለመጠበቅ» መሄድ ደግሞ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ማንም በዚህ ስም አይጥራው። ያ የቤት ሠራተኝነት ነው፤ የሚመራውም በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው። አዋጁ ቢያንስ 18 ዓመትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የሚላከውም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ነው። በጎ ፈቃደኛ ነሽ ተብላ የቤት ሠራተኛ ቪዛ የተመታላት ልጅ የበጎ ፈቃደኛ መብት የላትም፤ የሠራተኛ ውልም የላትም።

ገንዘቡ

የኪስ ገንዘብ እንጂ ደመወዝ አይደለም። በ2025 እ.ኤ.አ. ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ በወር 644 ዩሮ ነበር፤ ብዙ ቦታ ከዚያ በታች ይከፈላል። ዋናው ጥያቄ መኖሪያና ምግብ ይሰጣሉ ወይ ነው። የሚሰጡ ከሆነ ትንሹም የኪስ ገንዘብ ይበቃል፤ የማይሰጡ ከሆነ ጣሪያውን ቢከፍሏችሁም ትልቅ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይታችሁ አትኖሩበትም። ቪዛ ሰጪውም ይህንኑ ሒሳብ ይሠራል፤ ኑሮው የማይሸፈን ከመሰለው ይከለክላል። ስለዚህ ለቦታው በምትጽፉት ሁለተኛ ኢሜይል (በመጀመሪያው አይደለም) መኖሪያ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከከተማ ራቅ ያሉት ቦታዎችና የአካል ጉዳተኛ ልጆች መንደሮች አብዛኛውን ጊዜ ክፍልና ምግብ አላቸው።

የጤና መድንን ጨምሮ የማኅበራዊ ዋስትናውን መዋጮ የሚከፍለው የሚቀበላችሁ ቤት (መዋለ ሕፃናቱ ወይም ማዕከሉ) ነው። ለቦታ ማስያዣ የሚከፈል ነገር የለም። ከእናንተ ኪስ የሚወጣው የፓስፖርት፣ የቋንቋ ፈተና፣ የክትባት፣ 75 ዩሮ የሚሆነው የቪዛ ክፍያ፣ የአዲስ አበባ ምልልስ፣ እንደ ፕሮግራሙም ትኬቱ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዩሮ የሚጠየቀው ሁሉ በብር ከብዷል፤ ይህን ለአባታችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። በሬ ሸጦ ለደላላ መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ መንገድ ደላላ አያስፈልግም።

ቋንቋው፣ አንድ ዓመት

ወረቀት ላይ አንዳንዱ ቦታ ኤ2 ይበቃል ይላል። ከልጆች ጋር ለመሥራት ግን ቢ1 ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አዋቂ ሰው አልገባህም ሲለው ቀስ ብሎ ይደግማል፣ የ3 ዓመት ልጅ ግን ያለቅሳል ወይም ትቶ ይሄዳል። አንድ ደረጃ ለመጨረስ ከ150 እስከ 200 የሚደርሱ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ይፈጃሉ። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ካጠናችሁ አንዱ ደረጃ ወደ አራት ወር ይወስዳል፤ ሦስቱ ደረጃዎች ዓመት መሆናቸው ነው። ቋንቋ አያስፈልግም የሚለው ማስታወቂያ ሰው የሚስበው ይህን ዓመት ስለሚያስቀርለት ነው።

ደሴ ሆኖ መጀመር ይቻላል። ወላጆቻችን በራዲዮ የሚያውቁት ዶይቸ ቬለ ከኤ1 እስከ ቢ1 ድረስ በቪዲዮ የሚሰጥ ነፃ የጀርመንኛ ትምህርት ኢንተርኔት ላይ አለው። ኤ1ንና ኤ2ን በዚያና በአንድ ጓደኛ መወጣት ይቻላል፤ ጓደኛው የግድ ነው፣ ብቻውን የሚያጠና ሰው ማንበብ እንጂ መናገር አይለምድም። ለቢ1 ግን መምህር ብትይዙ ይሻላል። ፈተናው አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል፤ ቀኑ ቶሎ ስለሚሞላ ቀድሞ መመዝገብ ነው።

ከመማሪያው ጎን ለጎን የመዋለ ሕፃናት ቋንቋ ለብቻ ተማሩ፦ ጫማ፣ ዚፕ፣ አፍንጫ መጥረጊያ፣ ሽንት ቤት፣ «ቆይ»፣ «ተራው የእሷ ነው»፣ «አመመህ ወይ?»፣ «እጅህን ታጠብ»። የመማሪያ መጽሐፍ ስለ ባቡር ጣቢያና ስለ ሆቴል አብዝቶ ያስተምራል፤ የሕፃን ቀን ግን በእነዚህ ቃላት ነው የሚያልቀው።

ወረቀቱ ላይ የሚበላሸው

ፓስፖርቱን የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ደሴ ቅርንጫፍ ማውጣት ይቻላል፤ ለዚህ ብቻ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። የልደት ምስክር ወረቀቱ ከቀበሌው ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይወጣል፤ ፋይዳም ያዙ።

እኛ አካባቢ ወረቀትን በብዛት የሚያበላሸው ስም ነው። መሐመድን እንውሰድ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ መጀመሪያው ላይ «ኦ» ያደርጋል፣ ሌላው «ዩ»፣ ሦስተኛው «ኢ»፤ መሐሉ ላይ አንዱ «ኤም»ን ይደግማል፣ አንዱ አይደግምም። ልጁ መሐመድ፣ አባቱ ሰይድ፣ አያቱ እንድሪስ ከሆነ ደግሞ ሦስቱም ስም በየወረቀቱ ሌላ ሆኖ ይወጣል፦ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ በአንድ ዓይነት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ በሌላ፣ ፋይዳው በሌላ። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው። ኤምባሲው ጠረጴዛ ላይ ግን ሦስት ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰርተፍኬቱን አውጡና የስሙን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ገልብጡ፤ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ቀበሌም፣ ፋይዳም፣ ፓስፖርትም ሂዱ፤ ጸሐፊው ከማተሙ በፊትም ስክሪኑን አይታችሁ አረጋግጡ። ከታተመ በኋላ ማስተካከል ወር ይፈጃል።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ የተወለደ ሰው ዓመቱ ላይ 7 ይደመርበታል፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። መስከረም 5 ቀን 1999 ሴፕቴምበር 15፣ 2006 ነው፤ ጥር 10 ቀን 1999 ደግሞ ጃንዋሪ 18፣ 2007። ሁሉም ላይ 7 የሚደምር ጸሐፊ የጥርን ልጅ በአንድ ዓመት ያስረጀዋል፤ ወርና ቀኑን ሳይለውጥ ዓመቱን ብቻ የሚለውጥም አለ። ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት የልደት ቀን ማለት ደግሞ ለቪዛ ሰጪ ሐሰተኛ ሰነድ ሊመስለው ይችላል።

ከወንጀል ነፃ ማረጋገጫው ከፌዴራል ፖሊስ በአሻራ የሚወጣ ነው። ቀድማችሁ አታውጡት፤ ሲፈለግ ቀኑ ያረጀ ይሆናል። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነና መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም ነው ስለማይባል፣ የቋንቋ ፈተናውን፣ የፖሊሱን ወረቀትና የኤምባሲውን ጉዳይ በአንድ ጉዞ ለማቀናጀት ሞክሩ። ጀርመን ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ከሕፃናት ጋር ለሚሠሩ ሰዎች ብቻ የሚወጣ ሰፋ ያለ የፖሊስ ማረጋገጫ አለ፤ የሚቀበላችሁ ቤት በሚሰጣችሁ ደብዳቤ እዚያው ታወጣላችሁ።

የኩፍኙ ጉዳይ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ጀርመን ከማርች 2020 ጀምሮ ባወጣችው ሕግ፣ መዋለ ሕፃናትና ትምህርት ቤት የሚሠራ ከ1970 እ.ኤ.አ. በኋላ የተወለደ ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ወይም በደሙ ውስጥ መከላከያው መኖሩን በወረቀት ማሳየት አለበት። በጎ ፈቃደኛም ያው ነው፤ ካላሳየ ሥራ አይጀምርም። በእኛ አገር ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን 18 ዓመት የሞላው ልጅ ሕፃን ሳለ በመደበኛው የተከተበው አንድ ጊዜ ነው ማለት ነው፤ በዘመቻ የተከተበውም ካርድ ላይኖረው ይችላል። እናታችሁ ሣጥን ውስጥ ካርዱን ካገኘችው አልሐምዱሊላህ ወይም ተመስገን በሉ። ካልተገኘ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጠይቃችሁ ተከተቡ፤ ሁለቱ ዙሮች መሐል ቢያንስ 4 ሳምንት ይኑር፤ ቀን፣ ማኅተምና የክትባቱ ዓይነት ይጻፍ። ወይም የደም ምርመራውን አሠርታችሁ ውጤቱን ያዙ።

ጊዜውን በእኛ አቆጣጠር ላስቀምጠው። አገልግሎቱ በብዛት የሚጀምረው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ማመልከቻ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ቃለ መጠይቅ የካቲትና መጋቢት፣ ውል ሚያዝያ፣ ከዚያ ቪዛ። ሐምሌ ላይ ተፈትኖ መስከረም ላይ መሄድ የለም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

በቤ-ኤፍ-ዴ ውሉ ላይ ከእናንተና ከሚቀበላችሁ ቤት ሌላ የጀርመን ፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ወገን ሆኖ ይገባበታል። የእሱ ስምና ፊርማ የሌለበት «የቤ-ኤፍ-ዴ ውል» ውል አይደለም። በኤፍ-ኤስ-ዮት ደግሞ የሚፈርመው አስተባባሪው ድርጅት ነው። አስተባባሪዎቹ በአብዛኛው ትልልቅ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ናቸው፦ የካቶሊኩ ካሪታስ፣ የፕሮቴስታንቱ ዲያኮኒ፣ ቀይ መስቀል፣ አቮ የሚባለው የሠራተኞች በጎ አድራጎት ማኅበር። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራቱ ሙስሊምም ኦርቶዶክስም በጎ ፈቃደኛ ያስተናግዳሉ፤ ስሙን አይታችሁ አትሽሹ። ውሉ ላይ ያለውን ስልክ ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ስልክ ጋር አመሳክራችሁ ደውሉ።

ማመልከቻው

«ልጆች በጣም እወዳለሁ» የሚል ደብዳቤ አንባቢው በቀን አሥር ያያል። የወሎ ልጅ የሚጽፈው ነገር አያጣም፤ ችግሩ የኖረበትን እንደ ልምድ አለመቁጠሩ ነው። ታናሽ እህቱን አዝሎ ያሳደገ፣ ክረምት ላይ በበጎ ፈቃድ ያስጠና፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ትንንሾቹን የያዘ ሁሉ ልምድ አለው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ዕድሜያቸው ስንት የሆነ፣ ስንት ልጆች፣ ለስንት ወር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ከበዳችሁ። ይህ ከሌላችሁ ዘንድሮ አግኙት። ሐይቅ አጠገብ ጃሪ ያሉት የተፈናቃይ መጠለያዎች ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥራቸው የሚፈልጉ ልጆች አሉ። ከቀበሌ ወይም ከሚያስተባብረው ማኅበር ፈቃድ ይዛችሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለስድስት ወር ሳታቋርጡ ሂዱ። አለማቋረጡ ነው ዋናው። ያስተባበራችሁ ሰው የሚጽፍላችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከአሥር የሥልጠና ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው። መብራትና ኔትወርክ ስለማይታመን ስልኩን ሞልታችሁ፣ ሁለተኛ ሲም ይዛችሁ ተቀመጡ። «አንድ ልጅ ሌላውን ቢነክስ ምን ታደርጋለህ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እለያያቸዋለሁ፣ የተነከሰውን አይቼ ወዲያው መምህሯን እጠራለሁ፤ በቃ። «እገሥጸዋለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው ነገር ያበላሻል።

እዚያ ስትደርሱ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመኖሪያ አድራሻ ማስመዝገብ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለ። ያ ካለቀ በኋላ ቀኑ የልጆቹ ነው።

ነሐሴና መስከረም አዲስ ልጆች የሚገቡበት ጊዜ ነው። ብዙ ቦታ የሚከተሉት የበርሊን ሞዴል የሚባለውን ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአራተኛው ቀን ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ይመለሳል፤ የልጁ ሁኔታ ታይቶ ጊዜው ይረዝማል። በዚህ ጊዜ የእናንተ ሥራ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። እኛ አገር የሚያለቅስ ሕፃን ያየ ሰው ማንም ይሁን ማን ያነሳዋል፣ ያባብለዋል፤ እዚያ ግን ልጁ መጀመሪያ ከአንዲት መምህር ጋር እንዲላመድ ነው የሚፈለገው። ሦስተኛ ሰው ሲገባበት ሥራው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ክረምቱ ላይ ልጆቹ ዝናብም በረዶም ሳይሉ ውጭ ይወጣሉ። ሃያ ልጅ ማልበስ ማለት መጀመሪያ ውኃ የማያስገባው ሱሪ፣ ቀጥሎ ቦቲ፣ የሱሪው ላስቲክ ከቦቲው በታች፣ ከዚያ ጃኬት፣ ቆብ፣ መጨረሻ ላይ ጓንት። ጓንቱን ያስቀደመ ሰው ልጁ ዚፑን መያዝ ስለማይችል ሁሉንም ራሱ ይዘጋዋል። ደግሞ እናንተ አታልብሱት፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ልጁ ራሱ እንዲለብስ ነው የሚጠበቀው፣ እናንተ ዚፑን ጫፉ ላይ ታስይዙታላችሁ። የኛ ሰው እጁ ፈጣን ነው፤ ሦስቱን አልብሶ ሲጨርስ መምህሯ ፊቷ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። የደሴን ብርድ የለመደ ሰው ብርዱን ይችለዋል፤ የሚከብደው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጨለሙ ነው።

ጉርሻ የለም። ልጁ አለርጂ ሊኖረው ይችላል፤ ዝርዝሩ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በመጀመሪያው ቀን አንብቡት። ለውዝ ያለበት ነገር ከቤት ይዛችሁ አትግቡ። መሳም፣ ጉንጭ መቆንጠጥ የለም። ቁንጥጫማ ጭራሽ፤ በጀርመን ሕግ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወላጅ እንኳ ልጅን መምታት ክልክል ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ይከለክላል፤ አተገባበሩን እናውቀዋለን። ልጅን ለሚወስድ ሰው እናንተ አትስጡ፤ ልጁ «አያቴ ናት» ብሎ እየሮጠ ቢሄድም ዝርዝሩ ላይ ስሟ መኖሩን የምታረጋግጠው መምህሯ ናት። ቡድን ይዛችሁ ብቻችሁን አትቅሩ፤ ሰው አነሰ ብለው ደጋግመው ብቻችሁን ካስቀሯችሁ ለአስተባባሪው መናገር ትችላላችሁ፣ መናገርም አለባችሁ።

ፎቶ አታንሱ። በራሳችሁ ስልክ አንድም ልጅ፣ ከጀርባም ቢሆን፣ ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ አይወጣም። ይህ የሚከብደው ሰው ወሎን ያስታውስ። በ1977ቱ ረሃብ ኮረም የተነሱት ሕፃናት ምስል ዓለምን ዞሯል፤ ከእነሱ ውስጥ አንሱኝ ያለ ልጅ የለም።

ጨዋታ ከአገር ይዛችሁ ሂዱ። ሰኞ ማክሰኞና ኩኩሉ ቋንቋ አይፈልጉም፤ ልጆቹ በአንድ ቀን ይለምዷቸዋል። ጠጠር ግን ከ3 ዓመት በታች ያሉበት ክፍል አይገባም፤ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል።

ጾም፣ ረመዳን፣ ሶላት፣ የአሳማ ሥጋ፤ እነዚህን ቃለ መጠይቁ ላይ ተናገሩ፤ አብሽሩ፣ የሚያስደነግጣቸው ጉዳይ አይደለም፤ መዋለ ሕፃናቱ ውስጥ ራሱ የሙስሊም ልጆች አሉ። የሚያስቸግራቸው እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ዝም ማለታችሁ ነው።

አንድ ነገር ስለ ወላጅ አልባ ማሳደጊያ። ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ኔፓል «ለአንድ ወር ወላጅ አልባ ሕፃናትን አፍቅሩ» ብለው ገንዘብ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ላሊበላ አካባቢ ያየ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል። አትሂዱ። እነዚያ ቤቶች ውስጥ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ጎብኚ ገንዘብ ስለሚያመጣ ነው ልጁ ከቤቱ የሚወጣው። በየወሩ የሚለዋወጥ ሰው አቅፎት የሚሄድ ልጅም ሰው ማመን ያቆማል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 2019 ባወጣው የሕፃናት መብት ውሳኔ በዚህ ላይ አሳስቧል፤ አገራችንም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ ጉዲፈቻን አቁማለች።

መሐል ላይ ነገሩ ሲከብድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሰው ሻንጣውን አንስቶ ሌላ ከተማ ወዳለ ዘመዱ ይሄዳል። ፈቃዱ ከአገልግሎቱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል፤ በኋላ ላይ ሙያ ሥልጠና ውስጥ ለመግባት የሚያስቡበትም በር ይጠባል። ከመሄዳችሁ በፊት የምታገለግሉበትን ቦታ መቀየር እንደሚቻል እወቁ። ዕድሜያችሁ ከ27 በታች ስለሆነ በ12 ወሩ ውስጥ 25 የሴሚናር ቀን አላችሁ፤ ሴሚናሩን የሚመራው ሰው ሥራው ይህንኑ መስማት ነው። ለእሱ ደውሉ፣ የሆነውን በቀን በቀኑ ጽፋችሁ ያዙ፣ ሌላ ቦታ እስኪገኝ ድረስም ጠዋት ጠዋት ሥራ ግቡ።